የእኔ በልቤ ያለ ነው

የረቡዕ ጸሎታችን ሕግ አንድ ነው፤ አይጠየቅም። ከመዝሙሩ በኋላ በየተራችን የጸሎት ርዕስ እንሰጣለን፤ አንዷ ለታመመ ወንድሟ፣ አንዷ ለልጇ ፈተና፣ አንዷ መቆሚያ መቀመጫ ላሳጣቻት ጎረቤቷ። በአፏ ልታወጣው የማትችለው ነገር ያለባት ሴት «የእኔ በልቤ ያለ ነው» ትላለች፤ እኛም ምን እንደሆነ ሳናውቅ እንጸልይላታለን። መጠየቅ ክልክል ነው እንጂ መገመትን የከለከለ የለም። በነቀምቴ እንደ እኛ የሚገምቱ ሴቶች መኖራቸውን እጠራጠራለሁ።

የምንሰበሰበው አማቴ ቤት ነው። ልጃቸው እንደሚጠራቸው «አዮ» እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። አዮ ራሳቸው ማንም እስከሚያስታውሰው ድረስ «በልቤ ያለ» ከማለት በቀር ሌላ ርዕስ ሰጥተው አያውቁም። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ሴቶቹ ነገሩ የባል ዘመዶች የወሰዱባቸው መሬት ነው ብለው ከደመደሙ ሰንብተዋል።

እኔ የተወለድኩት እዚሁ ገበያው አጠገብ፣ ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቅ ከከፈቱ ወላጆች ነው። ሱቃችን ኮንዶም ይሸጣል፤ ስሙን ግን ገዢውም ሻጩም አይጠራውም። ሰውዬው ይገባል፣ ሳሙና ይጠይቃል፣ ክብሪት ይጠይቃል፣ ከዚያ በአገጩ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ያመለክታል። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በጋዜጣ ትጠቀልልለታለች። እንዲህ ካለ ቤት ወጥቼ ነው አስተማሪ ያገባሁት።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ባለቤቴ የተማሪዎቹን ፈተና ያርማል። እኔ የሰርጋችንን ፎቶ ለእህቴ ልልክላት ስል ስልኬ ባትሪ ጨረሰ። የእሱን ስጠይቀው ቀና እንኳ ሳይል አቀበለኝ። ፎቶውን ስፈልግ የወሲብ ፊልም አገኘሁ፤ አንድም አይደለም። አንዱን ከፍቼ ዘጋሁት። ከዚያ ሌላውን ከፈትኩ። ለምን እንደከፈትኩት ዛሬም አላውቅም፤ እየዘገነነኝም ዓይኔን አላነሳሁም። ስልኩን ስመልስለት «አገኘሽው?» አለኝ።

«አላገኘሁትም» አልኩት።

ቁጣ ቢሆንማ ኖሮ በቀለለኝ። እኔ ቁጡ ነኝ፣ ቁጣ እችልበታለሁ። ውስጤን የበላው ሌላ ነው። እነዚያን ሴቶች ከራሴ ጋር ሳስተያይ ሰነበትኩ። ጀርባዬን ሰጥቼው ልብስ መለወጥ ጀመርኩ። ሲነካኝ ማንን እያሰበ ነው እላለሁ። ምን ጎደለኝ? የምትለዋ ጥያቄ ከእኔ ጋር ትተኛለች፣ ከእኔ ጋር ትነሣለች። የባሰው ደግሞ እወደው ነበር። ለእህቴ ብነግራት እሱን ትንቅብኛለች። ለእናቴ ብነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሻንጣዬን ይዤ ወላጆቼ ጋ ልሄድ አሰብኩ፤ ግን «ምን አድርጎሽ ነው?» ሲሉኝ ምን ልመልስ ነው? ለካ ጥሎ ለመሄድም ቃል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ረቡዕ ተራዬ ሲደርስ «የእኔ በልቤ ያለ ነው» አልኩ። ድምፄ ተሰበረብኝ፤ ሴቶቹም ተያዩ።

ካገባች ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች፣ ልጅ ያልወለደች፣ የምታለቅስ ምራት ናት፤ ለመገመት ብዙም አልደከሙም። በሚቀጥለው ረቡዕ እጅ ሲጭኑብኝ እጆቹ ከራሴ ወደ ሆዴ ወርደው ነበር። አዮ ደግሞ በየቅዳሜው ጩምቦ ይልኩልኝ ጀመር፤ ቅቤና እርጎ የጠጣ ወፍራም የጤፍ ቂጣ ነው፤ ሰውነት ይጠግናል ይላሉ። ሹራብ የምትሠራው ጎረቤታችን አውራ ጣቴን የማያስገባ ካልሲ ሠርታ «በእምነት ነው» ብላ ሰጠችኝ። ማህፀኔ ምንም አልሆነም እንዳልል «ታዲያ ምንድነው?» ሊመጣ ነው። ዝም ብዬ ጩምቦዬን በላሁ። ቀሚሶቼ ጠበቡኝ፤ ይሄ ደግሞ ሴቶቹን ይበልጥ አበረታታቸው።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከትምህርት ቤት መጥቶ የጠመኔ እጁን እንኳ ሳይታጠብ አጠገቤ ተቀመጠ። «አዮ ነገረችኝ» አለ። «ለምን ብቻሽን ታለቅሻለሽ? ሆስፒታል እንሂድ። ችግሩ ከእኔ ሊሆን ይችላል፤ እኔ አስቀድሜ ልመርመር።» ይህን ሲል አንገቱን ደፍቶ ነበር። ያኔ አንጀቴን በላኝ። የሌለበትን ጥፋት በራሱ ላይ ሲያነሣ እያየሁ፣ ያለበትን ደብቄ መቀመጥ አልቻልኩም። ለእሱ ልናገር ግን አፌ ተያዘ።

በማግስቱ አዮ ጋ ሄድኩ። ጓሮ ቁጭ ብለው ከጉቶ ጊዳ ገጠር የመጣላቸውን በቆሎ ይፈለፍላሉ። እኔም ቁጭ ብዬ መፈልፈል ጀመርኩ። እጅ ሥራ ሲይዝና ዓይን ለዓይን መተያየት ሲቀር አፍ ይቀለዋል።

«አዮ፣ ልጅ አይደለም» አልኳቸው።

«ምኑ ነው ልጅ ያልሆነው?»

«በልቤ ያለው።» ከዚያ እንዳልመለስ ብዬ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፦ ስልኩን፣ ፊልሙን፣ ራቁታቸውን ያሉትን ሴቶች፣ ምን ጎደለኝ እያልኩ ማደሬን። ፊታቸውን ያዞራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን በቆሎውን ጨርሰው ቆረቆንዳውን ወረወሩት።

«ልጄ ነው ይህን ያደረገው?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ልጅ አጣች ብዬ ስጾም ከረምኩ» አሉ። ሳቃቸው መጣ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልፍ ሌላ በቆሎ አንሥተው በእጃቸው ያዙት እንጂ አልፈለፈሉትም።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ባልሽ ልጅ ሳለ በመናኸሪያው በኩል ቪዲዮ ቤት ነበር። ቀን የህንድ ፊልም ነው። ሲመሽ መጋረጃ ይወርዳል፣ ሴት አትገባም። አባቱ ይገባ ነበር። ምን እንደሚያዩ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔ እራቱን አቅርቤ እጁን አስታጥበዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪሞት። እሱ ሞተ፤ የጸሎት ርዕሴ ግን አልሞተም።»

«ሴቶቹ እኮ መሬት ነው ይላሉ» አልኳቸው።

«የምን መሬት?» አሉ ተገርመው። «መሬቱንማ ወዲያው ነው የመለሱልኝ፤ ይሄ በቆሎ ከዚያው የመጣ ነው።» ከዚያ በቆሎውን ከእጄ ወሰዱብኝ። «እኔም ያንቺኑ ጥያቄ ነበር ልጠይቀው የምፈልገው። የእኔው ሰው መቃብር ገብቷል። ያንቺ ቤት ተቀምጦ ፈተና ያርማል። ተነሺ፣ ሂጂና ጠይቂው።»

ሄድኩ። በር ላይ እንደቆምኩ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ጠየቅኩት። እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ወደ ግድግዳው እያየ ተናገረ። ኮሌጅ ሳለ በተማሪዎች መኝታ ቤት የጀመረው ነው፤ ሳላገኘው በፊት። ሲያገባ የሚተወው መስሎት ነበር። ለፓስተሩ እንዳይነግር አፈረ፣ ለጓደኞቹ ቢነግር ይስቃሉ፣ ለእኔ ቢነግረኝ ጥዬው የምሄድ መሰለው። «አንቺ ምን አጎደልሽ?» አለኝ፤ «እኔ ነኝ።» በዚያች ቀን ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብል እዋሻለሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ ልብስ መለወጤን ለመተው እንኳ ጊዜ ወስዶብኛል። ሻንጣው ግን ከቁም ሳጥኑ ላይ አልወረደም።

ረቡዕ ከሌሎቹ ቀደም ብዬ ደረስኩ። አዮ አግዳሚውን እየጠረጉ ነበር። አይጠየቅም የሚለውን ሕግ አውጥተው ያስተማሩን ራሳቸው ናቸው፤ ሲጥሱት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምን አለሽ?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ስለ ልጃቸው ብቻ የጠየቁኝ መስሎኝ ነበር። እጃቸው ጨርቁ ላይ መቆሙን ሳይ ግን ስለ ራሳቸውም መሆኑ ገባኝ።

«ከእኔ በፊት የጀመረ ነው አለኝ፤ ከእኔ የጎደለ የለም አለኝ» አልኳቸው።

«ከአንቺ በፊት?»

«ከእኔ በፊት።»

«እንግዲህ የአባቱም ከእኔ በፊት ይሆናል» አሉና ጠረጋቸውን ቀጠሉ።

ሴቶቹ መጡ፤ ተዘመረ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ለትዳሬ ጸልዩልኝ አልኩ፤ ሹራብ ሠሪዋ ሆዴን አየት አደረገች። የአዮ ተራ ሲደርስ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን የለመድናትን ቃል ጠበቅን።

«ግማሹ በቆሎዬ ገና ማሳ ላይ ነው» አሉ አዮ። «ሳይሰበሰብ ዝናብ እንዳይመጣበት ጸልዩልኝ።»