በፈቃድ የተተከለ ድንኳን

ሐኪሙ የባለቤቴን ዓይን አይቶ ሲጨርስ ለልጃችን በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ነገራት። እሷ ወደ እኛ ዞራ አሳጠረችው።

«ዳዲ፣ ግላኮማው ብሷል። የቀረውን ለማቆየት ይሞክራሉ፤ የጠፋው ግን አይመለስም።»

ባለቤቴ ኮፍያውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ አጠለቀና «እሺ፣ እግዜር ይስጥልን በይው» አላት።

አሜሪካ ወደምንኖርበት ወደ አሌክሳንድሪያ ስንመለስ እሷ ትነዳለች፣ እሱ ከጎኗ ተቀምጧል፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው በመሆኑ ሌላ ሰው ሲነዳ ዝም ማለት አይሆንለትም። ፍሬን ያዢ፣ መስመር ቀይሪ ይላል። ያን ቀን ዝም አለ። ልጃችን ዝምታውን አልቻለችውም መሰለኝ፣ «ዳዲ፣ ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ። የትም ይሁን እወስድሃለሁ» አለችው።

አገር ቤት ይላል ብዬ ነበር። እሱ «በረሃ» አለ።

«በረሃ? አሸዋ ማለትህ ነው?»

«አሸዋም ይሁን ድንጋይ። ሰው የሌለበት።»

«ሰው ኒያጋራ ይላል፣ አንተ በረሃ!» ብላ ሳቀች። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ለምን እንደፈለገው ገብቶኛል።

የመጀመሪያ ልጃችን ሴት ነበረች። ከአገር ስንወጣ ገና ጡት አልተወችም። ባለቤቴ በመንግሥት ይፈለግ ስለነበር ቀድሞን ወጣ፤ በባቡር የዕቃ ፉርጎ ውስጥ፣ በጆንያ መካከል ተደብቆ ጅቡቲ ገባ። በረሃውን ያለፈው በጨለማ ተዘግቶበት ስለሆነ ምንም አላየም። እኔ ከድሬዳዋ ወዲያ ልጄን አዝዬ፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር መንገድ መሪ ተከትዬ በእግር ወጣሁ። ልጅቷ መንገድ ላይ ታመመች። የጠጣችው ውሃ ሁሉ አልረጋላት አለ። እዚያው ቀረች። ጅቡቲ ስደርስ ባለቤቴ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። መጀመሪያ ያየው ጀርባዬን ነው።

ከቀናት በኋላ «ቦታው ምን ይመስላል?» ብሎ ጠየቀኝ። «አሸዋና ድንጋይ ነው» አልኩት። አሜሪካ ከመጣን በኋላም አንድ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። መልሴ ያው ነበር። ከዚያ ተወው። መቃብር አላት፤ ያየሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ለቅሶም አልተቀመጥንላትም። ጅቡቲ ውስጥ በሰው በረንዳ ላይ ነበር የምናድረው፤ ድንኳን የሚተክል ዕድር የለ፣ መጥቶ የሚያስተዛዝን ዘመድ የለ። እዚህ አገር የተወለደችው ልጃችን እህት እንደነበረቻት ታውቃለች። ከዚያ በላይ አልነገርናትም።

ልጃችን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ እኛ ትመጣለች። ከሐኪሙ በኋላ በነበረው እሑድ ላፕቶፗን ይዛ መጣችና ከአባቷ ጎን ተቀመጠች።

«ፐርሚት ማውጣት አለብን» አለችው።

«በረሃ ላይ ለመተኛት ፈቃድ?»

«አዎ። መኪና እስከ ደጁ የሚገባበት ካምፕ አለ፣ እሱ ቀላል ነው፤ ግን ሰው ይበዛበታል። አንተ ሰው የሌለበት ስላልክ ከዋናው መንገድ ርቀን ነው የምናድረው። ለዚያ ፐርሚት ያስፈልጋል። መንገዱም መጥፎ ነው፣ ከፍ ያለ መኪና እንከራያለን።»

«እዚህ አገር ጅቡም የሚጮኸው በፈቃድ ነው በይኛ።»

«በዚህ ዕድሜያችን መሬት ላይ ልንተኛ ነው?» አልኩ እኔ።

«ማሚ፣ በአየር የሚነፋ ፍራሽ አለ።»

«ጉልበቴስ? እሱንም ትነፊልኛለሽ?»

«አንቺ ካልፈለግሽ ቅሪ» አለኝ ባለቤቴ። አልተቆጣም። እኔ ከቀረሁ የሚሄድበት ነገር እንደማይኖር ሁለታችንም እናውቃለን። ሳህኖቹን አነሳሁ።

የሄድነው በሚያዝያ ነው። ላስ ቬጋስ ወርደን መኪናውን ተከራየን። ከዚያ በቀጥታ በረሃው ወዳለበት ብሔራዊ ፓርክ መንዳት ነበረብን። ነገር ግን ባለቤቴ ቀደም ብሎ ለአንድ ወዳጁ ደውሎለት ኖሯል። ሰውየው አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ፎቅ ላይ ጎረቤታችን የነበረ ነው፤ ከሚስቱ ጋር ወደ ላስ ቬጋስ ከሄዱ ቆይተዋል። ብቅ ብለን ሰላም ልንለው ነበር። ስንገባ ጠረጴዛው ሞልቷል።

«ለሰላምታ ብቻ ነው የመጣነው» አለች ልጃችን።

«ሳትቀምሱማ አትሄዱም። እህል ሳላስቀምስ በረሃ ብሰዳችሁ ሰው ምን ይለኛል?»

«እዚያ ሰው የለም፣ አትስጋ» አለ ባለቤቴ፤ ተሳሳቁ።

ዶሮው ሲያልቅ ጥብስ መጣ። ልጃችን ስልኳን እያየች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ማሚ፣ የፓርኩ ኦፊስ ይዘጋል። ፐርሚቱን ዛሬ በአካል ካልወሰድነው ይሰርዙታል። ደግሞ መንገዱ በቀን ነው የሚነዳው።»

«ቁጭ በይ፣ ነውር ነው» አልኳት።

ነውርም ነው። ቢሆንም የቤቱ እመቤት ስትጨምርልኝ ሳህኔን በእጄ አልሸፈንኩም። እኔ አልቸኮልኩም።

ኦፊሱ ሊዘጋ ሲል ደረስን። የፓርኩ ጠባቂ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ናት። ስንት ሰው እንደሆንን፣ የት እንደምናድር፣ የመኪናችን ቀለም ምን እንደሆነ ጠየቀች። እሳት እንዳናነድ፣ ቆሻሻችንን ይዘን እንድንወጣ፣ ድንጋይ እንኳ ቢሆን ምንም ነገር ከቦታው እንዳናነሳ ነገረችን። ድንኳኑ ላይ የሚታሰር ወረቀት ሰጠችን። ቀጥላ አንድ ነገር ስትጠይቅ ልጃችን የባሏን ስምና ስልክ ሰጠቻት።

«ምን አለች?» አለ ባለቤቴ።

«ካልተመለሳችሁ ማንን እንጥራ ነው የምትለው። እስከ ነገ ማታ ድረስ ወጥተን ካልደወልን መፈለግ ይጀምራሉ።»

ባለቤቴ ትንሽ አሰበ። «ሰው ሳይጠፋ ፈላጊ ያዘጋጃሉ» አለ ወደ እኔ ዞሮ። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ አየሁ።

ሴትየዋ በመስኮቱ ፀሐይዋን ተመለከተች። መጀመሪያው ጠጠር ነው አለች። ቀጥሎ ደረቅ ወንዝ ታገኛላችሁ፤ አሸዋው ጎማ ይይዛል፣ አትቁሙበት። ከዚያ ድንጋይ ነው፣ ከመሸ አትንዱ። ዛሬ ካምፑ ውስጥ አድራችሁ ነገ ብትሄዱ ይሻላል አለች። ልጃችን ይህን ለአባቷ ነገረችው።

«ዛሬ» አለ።

ዓይኑ በደማቅ ብርሃን ፊት ለፊቱ ያለውን ያያል። ሲመሽ ጨርሶ ይጠፋበታል። ስለዚህ ከፀሐይዋ ጋር ነበር የምንሽቀዳደመው።

ጠጠሩ ላይ መኪናው ተንቀጠቀጠ። ባለቤቴ ከላይ ያለውን እጀታ ጨብጧል። «ቀስ በይ ልጄ፣ ይሄ እንደ ቤልትዌይ አስፋልት አይደለም።»

«ዳዲ፣ ቀስ ካልኩ ይመሽብናል።»

«ፀሐይዋ የት ደረሰች?» ይለኛል በየመሐሉ።

«ከተራራው በላይ አንድ ክንድ ቀርቷታል።»

ደረቁን ወንዝ ሳንቆም ተሻገርን፤ አሸዋው መኪናውን ወደ ጎን ወደ ጎን ሲያንሸራትተው ልጃችን ከንፈሯን ነክሳለች። ከወንዙ ማዶ ድንጋዩ ጀመረ።

«አሁንስ?»

«አንድ ስንዝር።»

የመኪናው ሆድ ድንጋይ ላይ ተጎተተ። ድምፁ ያስፈራል። ልጃችን ቆመች። «በቃ፣ ልመለስ ነው። እዚህ ጎማ ቢፈነዳ ስልክ አይሠራም። ዳዲ፣ ሶሪ።»

ባለቤቴ እጀታውን ለቀቀና እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እንደዚህ እጁን ሲያስቀምጥ የማውቀው አንዴ ነው፤ ጅቡቲ፣ በዚያ በረንዳ ላይ።

«ሂጂ» አልኩ።

በመስታወቱ አየችኝ። «ማሚ?»

«ሂጂ። እኔ ወርጄ አሳይሻለሁ።»

ወረድኩ። ከመኪናው ፊት እየሄድኩ ጎማው የሚያልፍበትን በእጄ አሳየኋት። መንገዱ መሐል ላይ ያለውን ትንንሽ ድንጋይ በእግሬ ገፋሁ፤ የባሰውን ጎንበስ ብዬ አንስቼ ወደ ዳር አደረግኩ። ድንጋዩ የቀን ሙቀቱ አልወጣለትም ነበር። በሁለት እጄ ድንጋይ ከተሸከምኩ ብዙ ዘመኔ ነው። ለመኪናው የሚስማማው መንገድ ላይ ስንደርስ ቀና ብዬ አየሁ፤ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ገብታለች።

ቦታው ላይ ስንደርስ ሰማዩ ገና ቀይ ነበር፤ መሬቱ ግን ጠቁሯል። ባለቤቴ ከመኪናው ወርዶ በሩን እንደያዘ ቆመ። ፊቱን ወደ አንድ በኩል አዞረ፣ ከዚያ ወደ ሌላው።

«ደረስን?»

«ደረስን።»

«ምንም አይታየኝም» አለ።

ልጃችን ሰምታዋለች። «ጠዋት ታያለህ፣ ዳዲ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቁጭ ብለህ ታያለህ» አለችና ድንኳኑን ልትተክል ትንሽ ራቅ ብላ ሄደች። ለእሱ ማጠፊያ ወንበር አስቀምጬ አጠገቡ ቆምኩ። የካስማው ምት ይሰማል።

«ያ ምንድነው?»

«ድንኳን እየተከለች ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ምቱ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ተተከለ?»

«ተተከለ።»

«ምን ይታይሻል? ንገሪኝ።»

«ፊት ለፊት ሜዳ ነው» አልኩት። «አጫጭር ቁጥቋጦ አለበት። ከሜዳው ወዲያ ደረቅ ወንዝ ነው።» እዚህ ላይ ቆምኩ። እሱ እየጠበቀ ነበር። «እዚያም ደረቅ ወንዝ ነበር» አልኩት። «ከወንዙ ዳር አንድ ግራር አለ። ነፋስ አጉብጦታል። ከሥሩ ነው ያስቀመጥናት።»

«ጥላ አለው?»

«ጠዋት ጠዋት አለው።»

«ማን ቆፈረ?»

«መሪዎቹ። በእጃቸውና በጩቤ። በነጠላዬ ጠቀለልኳት። ሽማግሌው መሪ በእነሱ ሃይማኖት ጸለየላት፣ እኔ በእኔ።»

«ጅብ እንዳያወጣት...»

«ድንጋይ ከመርንበት። ጥቁር ድንጋይ ነው፣ የተቃጠለ የሚመስል። በአካባቢው ስላልነበረ ከሩቅ እየተሸከሙ አመጡ። እኔም አመጣሁ። ከፍ ያለ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ሆኜ ዞሬ ሳይ ይታየኝ ነበር።»

«አለቀስሽ?»

«ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፣ ወታደር ይሰማል አሉኝ። አላለቀስኩም።»

ኮፍያውን አወለቀ። መጀመሪያ በዝግታ ነበር፤ ከዚያ ድምፁ ወጣ። አገር ቤት ሰው ድንኳን ሲደርስ እንደሚያለቅሰው፣ ልጄን ልጄን እያለ፣ ደረቱን እየመታ አለቀሰ። በዚያ ሜዳ ዝም በል የሚለው አልነበረም። ልጃችን ባትሪዋን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ምን ሆነ? ማሚ፣ አመመው?»

«አይ። ለእህትሽ ነው። ነይ ቁጭ በይ።»

መብራቱን አጠፋችና እግሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም ጉልበቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ቆሞ መታየት አይሆንም። ስናነሳት፣ ስንረጋጋ፣ ደግሞ ስንጀምር ቆየን። የእኔን አልጽፍም።

ጠዋት ፀሐይዋ ስትወጣ ልጃችን ክንዱን ይዛ አወጣችው። «ይኸው ዳዲ፣ አሁን ብርሃን ነው።» ሜዳው እስከ ተራራው ሥር ድረስ ወለል ብሏል። እሱ ለደስታዋ ሲል ፊቱን ወደዚያ አድርጎ ትንሽ ቆመ። «ያምራል» አላት። በጠርሙስ ውሃ ፊቱን ሳስታጥበው ግን ቀስ ብሎ «ድንጋዩ ጥቁር ነው አልሽኝ?» አለኝ።

«ጥቁር ነው።»

ድንኳኑን ነቅለን፣ ወረቀቱን ፈትተን፣ በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ወደ ዳር ያደረግኳቸው ድንጋዮች እዚያው ነበሩ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ የልጃችን ስልክ ነፍስ ዘራ፤ ወዲያው ሲልቨር ስፕሪንግ ለባሏ ደወለች። የመኪናው ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ሁላችንም እንሰማዋለን።

«ሁላችሁም ወጣችሁ?» አለ።

«ሁላችንም...» አለችና አቆመች። «እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

መኪናውን ወደ መንገዱ ዳር አወጣችና ሞተሩን ሳታጠፋ ወደ ኋላ ዞረች።

«ማሚ፣ ስሟ ማን ነበር?»

ባለቤቴ እኔ እንድናገረው ጠበቀ። ነገርኳት። እሷም ደግማ ጠራችው፤ እዚህ የተወለደ ልጅ እንደሚጠራው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሰበር አድርጋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አርማት ነበር።

«አንዴ ድገሚው» አላት አባቷ።