በገዛ ፈቃዴ መለስኩ

ቹ ላንዢ በአንድ ተራራማ የቻይና ወረዳ ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት። ምላሷ በርበሬ ነው ይሏታል።

ወረዳው ለዓመታት የኖረው ለሕንፃ ሠሪዎች መሬት በሊዝ እየቸበቸበ ነበር። ያ ገበያ ሲሞት ካዝናው ባዶውን ቀረ፤ ከቤጂንግ የሚመጣው ድጎማም ቀዳዳውን አልደፍን አለ። አንድ ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ መምህራኑን ሰብስቦ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ «ያለፈው ዓመት ቦነስ በአሥር ቀን ውስጥ ይመለሳል። በነፍስ ወከፍ ሃያ ሺህ ዩዋን» አለ።

ላንዢ በዚያ ገንዘብ እናቷን የዳሌ ቀዶ ሕክምና አሳክማበታለች።

«ታዲያ የእናቴን ዳሌ ነቅዬ ላምጣላችሁ?» አለች። የሳቀ አልነበረም።

በማግስቱ የወረዳው ፋይናንስ ኃላፊ ፋን ጂቼንግ ቢሮ ገባች። ከመስኮቱ ባሻገር አምና የተመረቀው የድንጋይ በር ተገትሯል፤ አራት ፎቅ ያህላል፣ ወደ የትም አያስገባም።

«መምህርት ቹ፣ ሁሉም እየመለሱ ነው» አላት ፋን ሻዩን ፉት እያለ። «ገቢ ቀንሷል። ጉድለቱን ተካፍለን እንሸከም እንጂ፤ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት።»

«ያንን በር ስትገትሩስ ነይ ተካፈይ ብላችሁ ጠርታችሁኛል?»

«እሱ ሌላ በጀት ነው።»

«ሌላ በጀት! አባቴ የእህል ግብሩን በትከሻው ተሸክሞ ሲያስገባ የትኛው በጀት ነው ብሎ አልጠየቀም። የእኔም ግብር ደመወዜን ሳላየው ይቆረጣል። ስንከፍል አንድ ቤተሰብ፣ ስትበሉ ሌላ በጀት!»

ፋን «እርስዎ» ማለቱን ተወው። «አፍሽን ሰብስቢ! ለጡረታሽ የቀረሽ አራት ዓመት ነው።»

የሚፈረም ወረቀት ገፋላት። «በገዛ ፈቃዴ መለስኩ» ይላል። ላንዢ ቀይ እስክሪብቶዋን አውጥታ፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ ደብተር በትልቁ ኤክስ አድርጋበት ወጣች።

በወሩ መጨረሻ የትምህርት ቤቱ ሁሉ ደመወዝ ታገደ። እሷ እስክትመልስ ለማንም አይከፈልም ተባለ። በዚያው ቀን ሜንግ ያቺን፣ አሥር ዓመት በአንድ ስኩተር አብራት የተመላለሰችው ባልደረባዋ፣ መምህራኑ ፊት ጮኸችባት።

«አንቺ ጀግና ሁኚ! የእኔ ልጆች ጀግንነት አይበሉም!»

«የነጠቀሽ ፋን ነው። እኔን ለምን ትነክሺኛለሽ?»

«ፋን ሩቅ ነዋ! ጥርሴ የሚደርሰው አንቺ ጋ ነው።»

ላንዢ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከወንድሟ ተበድራ ገንዘቡን ወደ ፋን ቢሮ ወሰደች፤ እንደገና የቀረበላትን ወረቀትም እጇ ፈረመ፣ ሆዷ ግን አልፈረመም። በሦስተኛው ቀን ደመወዝ ተለቀቀ።

ያን ቀን ማምሻውን ሜንግ ያቺን በሳህን ትኩስ የአኩሪ አተር አይብ፣ ቶፉ፣ ይዛ የላንዢን በር አንኳኳች። «ላን እህቴ፣ ተናድጄ ነው እኮ…»

«ቶፉውን ልጆችሽን አብያቸው» አለችና ላንዢ በሩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ወደ ሥራ የሚሄዱት ለየብቻቸው ነው።