ክትፎ ሜዳ ስሟን ያገኘችው ከሥጋ አይደለም

ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ከነበረው ሱቄ ጀርባ ያለችውን የመኪና ማቆሚያ አበሻው ሁሉ «ክትፎ ሜዳ» ይላት ነበር። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ካለ ሲያትልስ ምን ይጎድልባታል ያለ ቀልደኛ የሰየማት ይመስላቸዋል። አልተሳሳቱም፤ ቀልደኛው ግን የሰየማት ላይዋ የፈሰሰው ደም ሳይደርቅ ነው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው። ሁለት ታክሲ ነጂዎች፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ በር የሚያህል፣ በመኪና ቦታ ተጣሉ።

«አንተ ሽሮ! ቆርቆሮህን አንሳልኝ!» አለ ግዙፉ። ሽሮ ማለት ያኔ ሥጋ መግዣ የሌለው፣ አቅመ ቢስ ማለት ነበር።

«ቀድሜ ፓርክ አድርጌያለሁ» አለ ቀጭኑ።

«ክትፎ ነው የማደርግህ!»

ሰው የዛተውን ሁሉ ሲፈጽም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የቢራ ጠርሙስ ግድግዳዬ ላይ ሰበረና የቀጭኑን ጉንጭ ከጆሮው እስከ አገጩ ተለተለው። ሲወድቅ ጎኑን ይረግጠው ጀመር፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። የግዙፉን ጀርባ በመጥረጊያ እንጨት ብመታው እንጨቱ ተሰበረ፣ እሱ ዞርም አላለ። ፖሊስ ነው የገላገለን።

ቀጭኑ ስፌቱ ሳይፈታ «ክትፎ» ተባለ፤ ቦታዋም «ክትፎ ሜዳ» ሆነች።

ከወራት በኋላ ቀጭኑ ሱቄ መጣ። «ጋሼ፣ እጮኛዬ ከአገር ልትገባ ነው። ስለ ጠባሳዬ መኪና ገጭቶኝ ነው ብያታለሁ። መሬት ላይ እንደ ውሻ መረገጤን ከምትሰማ ብሞት ይሻለኛል። ይሄን ስም ያጥፉልኝ።»

«ስምና ዋጋ አንዴ ከወጣ አይወርድም» አልኩት። «ሌላ ምክንያት ግን እንፈልግለታለን።»

በሳምንቱ ክትፎ መሸጥ ጀመርኩ። ሰዉ ጎርሶ «ለካ ስሟ በዚህ ነው!» አለ። እኔም አልከሰርኩም።

ልጅቷ መጣች፤ ሱቄ ውስጥ አብረው ሲበሉ ግዙፉ ገባ። ከእስር ወጥቷል።

«ኦኬ! ክትፎ ክትፎ ሲበላ! ፊትህ ተሰፋልህ እንዴ?»

«ማንን ነው ክትፎ የሚለው?» አለች።

«አልነገረሽም? እዚህ ጓሮ እኮ ነው እግሬ ስር...»

አልጨረሰም። ቀጭኑ የሚጥሚጣ መውቀጫዬን ዘነዘና አንስቶ አፉ ላይ አሳረፈበት። ሁለት ጥርስ ከሳህኑ አጠገብ ወደቀ። ግዙፉ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ሁለተኛው ምት ወለሉ ላይ ዘረረው።

ልጅቷ የእጮኛዋን ጠባሳ አየች፣ ወለሉ ላይ የተዘረረውን አየች።

«የገጨህ መኪና ይሄ ነው?»

«አዎ» አላት፣ አንገቱን ደፍቶ።

ዘነዘናውን ከእጁ ተቀበለችው። እኔ ወደ ቦታው ልትመልስልኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን አልፋኝ ወደ ተዘረረው ግዙፍ ሄደች።