የዋርሳዬ ጀልባ ሸራ

የበደለኝ ዋርሳዬ ነው፤ የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም። የበደለኝም ባሌ ባረፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በነሐሴ፣ በሰንበቴ ማኅበራችን ፊት ነው። ፊት ለፊት አንቱ ስለው ኖሬአለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝና እሱ እለዋለሁ።

ወረታ፣ መገንጠያው አጠገብ፣ የጭነት መኪና ሸራ እሰፋለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ባሌ ነው። ዋርሳዬ ሐይቁ ዳር ባለሞተር ጀልባ አለው። ክረምት ፎገራን ውኃ ሲውጠው የዳር መንደር ሰው ወደ ገበያም ወደ ጤና ጣቢያም የሚወጣው በጀልባ ነው። ሰኔ ላይ ለጀልባው ጣሪያ ልባስ እንድሰፋለት መጣ፤ ብብቱ ሥር ጥቅል ሰማያዊ ላስቲክ ይዞ።

ጨርቅ የምመርጥበት የራሴ መንገድ አለኝ። አጥፌ እጥፋቱን በጥፍሬ እፍቃለሁ፤ ነጭ መስመር ካወጣ ነገ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል። ጠርዙን ተርትሬ ውስጡ ድር መኖሩን አያለሁ። ከዚያ ቁራጩን አርጥቤ ቆርቆሮ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ፀሐይና ውኃ ሲፈራረቁበት የሚሆነውን ሳላይ አልወስንም። የጥጥ ሸራ ለድንኳን መልካም ነው፤ እርጥቡን ካጠፉት ግን ይሻግታል፣ ባለጀልባ ደግሞ አድርቆ የሚያጥፍበት ጊዜ የለውም። ለጀልባ የምመርጠው ሁለት ፊቱ ላስቲክ የተቀባ፣ ውስጡ ድር ያለው የመኪና ሸራ ነው። ይከብዳል። ክብደቱን ሰው አይወድለትም።

የዋርሳዬን ላስቲክ በጥፍሬ ፋቅሁት። ነጭ አወጣ።

«ይኸ አይሆንም፣ ጋሼ» አልሁት።

«የሩዝ ክምሬን ከኅዳር እስከ ጥር ጠል ሳያስነካ ያከረመ ላስቲክ ነው! ሩዝ የጠበቀ ሰው አይጠብቅም?»

እዚህ አገር ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሩዝ ከመጣልን ወዲህ ላስቲክን የምንመዝነው በክምር ነው። ክምር ግን ባለበት ቆሞ ይከርማል። ጀልባ ላይ ነፋሱ ልባሱን ያነሳዋል፣ ይጥለዋል፤ ቀኑን ሙሉ ጣሪያውን ከተሸከመው የብረት ቅስት ጋር ይፋተጋል።

«እንግዲያስ ብረቱ በሚነካው በኩል የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ልደርብበት» አልሁ።

«ጀልባ ናት ያልሁሽ ወይስ በረባሶ?» ብሎ ሳቀ። «አንቺ ስፊ። መምረጡ የባለጀልባው ነው።»

ሰፋሁት፤ ድርብ ስፌት፣ በናይለን ክር። መስፋቴ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክደውም። ባሌ ቢሆን ጥቅሉን ያስመልሰው ነበር። እኔ ግን የባሌን ለቅሶ ያስተናገደልኝ እሱ ነውና አፈርሁ።

ነሐሴ ላይ ጀልባዋ አንዲት አራስ ከነልጇ ይዛ ስትሻገር ልባሱ ተቀደደ። ዝናቡ አራሷ ላይ ወረደ። ታማ ሰነበተች፤ ደግነቱ ሁለቱም ተረፉ። በሰንበቴው ቀን ዳቦው እየተቆረሰ፣ ቄሱ ባሉበት፣ ዋርሳዬ ተነሣና «አራሷን ብርድ ያስመታት የዚች ስፌት ነው። ክሩ ለቀቀ» አለ።

አንዲት የማኅበሩ ሴት ዋንጫዋን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። «ውይ እቴ፣ ለአራስ እንኳ አትራሪም?»

ሰው በተሰበሰበበት ዋርሳን ማሳጣት የሟቹን አጥንት ማዋረድ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ባለጀልቦቹ ሸራቸውን ባሕር ዳር ወስደው ያሰፉ ጀመር። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ስም በአንድ እሑድ ሄደ።

መስከረም ላይ ወደ ሐይቁ ወርጄ የተቀደደውን ልባስ ዳር ተጥሎ አገኘሁት። ቅዳዱ ሦስት ቦታ ነው፤ ሦስቱም በቅስቶቹ ልክ። ከስፌቱ አንድም አልለቀቀም። ስፌቱን የያዘ፣ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ቆርጬ ወሰድሁ።

በሚቀጥለው ግንቦት ዋርሳዬ መጣ። «እኅቴ፣ በዚያ በከባዱ ሸራሽ ስፊልኝ» አለ። እኅቴ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ቁራጩን ሰጠሁት። «ይጎትቱት።»

በሁለት እጁ ጎተተ። ላስቲኩ ተለጠጠ፤ ስፌቱ አልነቃነቅም አለ።

«እሺ፣ ልክ ነሽ። እዚሁ በቤታችን ይቅር።»

«የተናገሩት ሰንበቴ ላይ ነው። እዚያው ይመልሱት።»

ሁለት ሰንበቴ ጠበቅሁት። ዳቦውን በልቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ ሄደ። በሦስተኛው ቁራጩን ይዤ ሄድሁና ቄሱ ፊት ዘረጋሁት። የሆነውን ተናገርሁ፤ እያወቅሁ መስፋቴንም አልደበቅሁም። ያቺን የወቀሰችኝን ሴት «ጎትቺው» አልኋት፤ ጎተተችው። እሱ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድሁ። የጀልባውን ልባስ አልሰፋሁለትም።