በበሩ ስር የገባው ሽቶ

ትናንት ልጄ ሽቶ ተቀብቶ መኪናዬ ውስጥ ገባ። የትምህርት ቤት ዳንስ አለበት። «እማ፣ ቱ ማች ነው?» አለኝ። መስኮቱን አወረድኩት። ቅመም ቅመም የሚል የወንድ ሽቶ አይስማማኝም፤ ምን ልበልሽ፣ ያን ቅዳሜ ይዞብኝ ይመጣል።

አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባለው ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለው አፓርትመንታችን፣ አባቴ ሽማግሌ ሊቀበል ለጁምዓና ለዒድ ብቻ የሚያወጣውን ሽቶ ያለ ስስት ተቀባ። የሚመጡት እኔን ሊጠይቁ ነው። ፈላጊው ሊትልተን ከተማ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ ሁለቴ አይቼዋለሁ፣ ደህና ሰው ነው ይሉታል። እኔን ደግሞ ሌላ ስቴት ያለ የነርሲንግ ኮሌጅ ተቀብሎኛል። ደብዳቤውን ትራሴ ስር ደብቄ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

መኝታ ቤት ቆይ ተባልኩ። መውጫው በር ያለው ሳሎን ነው፤ ሽማግሌዎቹን አቋርጬ ልወጣ ነው? መስኮቱም በብርዱ ተጣብቋል። ንግግራቸው አይሰማኝም፤ የአባቴ ሽቶ ግን በበሩ ስር ይገባል። መጀመሪያ ቁንዶ በርበሬና ሄል ሆኖ አፍንጫዬን አሳከከኝ። እሱ ሲበርድ ቀረፋና ቅርንፉድ መጣ፣ ሞቅ ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ። የሕፃን ፓውደር ፓውደር ማለት የሚጀምረው ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ። በልቤ ፓውደሩ ሳይመጣ ይሂዱ፣ ይሂዱ እላለሁ። ሽማግሌ ቶሎ ከሄደ አልተሳካለትም ማለት ነዋ።

አባቴ በሩን ከፍቶ ሲገባ ሕፃን ሕፃን ይሸት ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ደብዳቤው ከእጄ ስንዝር አይርቅም። አፌ ግን ተለጎመ፤ አንገቴን ደፋሁ። በእኛ ዘንድ ልጃገረድ ተጠይቃ ዝም ካለች ፈቅዳለች ነው። ግንባሬን ስሞ፣ ደስ ብሎት፣ አላህን እያመሰገነ ወጣ። አላስገደደኝም እኮ፣ ጠየቀኝ። እንዲህ ባለ አባት ሰው እንዴት ይናደዳል?

ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ነርስ ግን አልሆንኩም፤ ያ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አባቴ አምና ሊሞት ሰሞን አጠገቡ ተቀምጬ ሳለሁ እጄን ያዘኝ።

«ያን ቀን ወደሽ ነበር፣ አይደል?» አለኝ። ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት አየሁ።

«አዎ፣ አባዬ» አልኩት። ለዚያስ ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣልኝ።