የስብስቡ አባላት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፏን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና «አያቴ፣ ይቺን አስረጂኝ» አለችኝ። ጥያቄው «የስብስቡን አባላት ዘርዝሩ» ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ለዚች ጥያቄ አፌ ተሳሰረ። ልጅቷም አያቴ አረጀች ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ መጽሐፏን አንስታ ወደ እናቷ ሄደች።

ነገሩ የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። የሒሳብ ክበብ ነበረን። ክበብ ይባል እንጂ አራት ወንዶችና እኔ ነን። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ብለው ሸንግለው ጸሐፊ አደረጉኝ። እንቆቅልሽ መፍታት ሲሰለቸን ሒሳብን በአማርኛ እንጻፍ ብለን ተነሳን፤ ለአንድ ቃል ግማሽ ቀን እንጨቃጨቅ ነበር። በእንግሊዝኛ «ሴት» የሚባለውን እንዳለ እንውሰደው ተብሎ ነበር። «ባዶ ሴት» የሚለው ሲመጣ ወንዶቹ እኔን እያዩ ተንከተከቱ። ተናደድኩና «ስብስብ ይባል፣ በውስጡ ያሉት ደግሞ አባላት» አልኩ። እንግዲህ ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

በክረምት ግቢው ሲዘጋ ሽሮ ሜዳ ከድር ቤት እንገናኛለን። ከድር ከክበባችን ሁሉ ጎበዙ ነበር። አባቱ ለሸማኔዎች ክር ይሸጣሉ፤ እኛ ከሱቁ ጀርባ የክር ጥቅል ላይ እንቀመጣለን። ውጭ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ይጮኻል፣ ከጎረቤት የሸማኔ መወርወሪያ ይሰማል። እናቱ እማማ ዘሀራ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ፣ አንዳንዴም ቆጮ በአይብ ያቀርቡልናል። ጣታችንን እየላስን ስለ ባዶ ስብስብ እንከራከራለን። ዘመኑ ግን የደርግ ነው፤ ሦስት ሰው አንድ ላይ ከቆመ «ምን ትማከራላችሁ?» ይባላል። ከሰፈራችን የሚወሰድ ወጣት አይታጣም ነበር፣ ሁሉም አይመለስም። እኛ ሞኞቹ ሒሳብ ማንን ያስቆጣል ብለን ነበር።

አንድ ማክሰኞ የቀበሌ ጠባቂዎች ቤት ለቤት ፍተሻ ወጡና ከድር ክፍል ውስጥ የክበቡን ሥራ የምጽፍበትን ደብተሬን አገኙ። ስም አልተጻፈበትም። ምን ይል እንደነበር ዛሬም አልረሳሁትም፦ «ስብስብ ሀ አምስት አባላት አሉት። ከነዚህ ሁለቱ የስብስብ ለ አባላት ጭምር ናቸው።» ሁለት ገጽ አለፍ ብሎ ደግሞ፦ «አሁን የማስወገድን ዘዴ እንጠቀማለን። መጀመሪያ ሁለተኛውን እናስወግድ።» ይኼ እንግዲህ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ሲኖሩ አንዱን አጥፍቶ ሌላውን ማግኛ ነው። ይህን ማን ያስረዳቸው? ከድርን ወሰዱት።

ቤታችን ወደ ዊንጌት ነበር። ወሬውን ከሰማሁ በኋላ ሦስት ቀን ደጅ አልወጣሁም። እናቴ ብርድ መትቷታል ብላ ዳማከሴ ትጨምቅልኛለች፣ እኔ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ እንቀጠቀጣለሁ። ከድር ስሜን ቢጠራስ እላለሁ። ዝም ቢልና ቢገድሉትስ የሚለው ዘግይቶ ነው የመጣልኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

በሦስተኛው ቀን እማማ ዘሀራ መጡ። ሻርፓቸው በዝናብ ርሶ፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ደብተሩ የማን ነው? የጻፈው ሰው መጥቶ ያስረዳ አሉን።»

«አላውቅም፣ እማማ።»

ትንሽ አዩኝ። «እሺ የኔ ልጅ። ብርድ ነው፣ ግቢ» ብለው ተመለሱ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቀበሌው ሄድኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ያንን «አላውቅም» ይዤ ሌላ ቀን መዋል አቅቶኝ ነው። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ቤት ልመለስ ዞሬ ነበር። የቀበሌው ሹም ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ደብተሬን ገለጠ።

«የስብስቡን አባላት ዘርዝሪ።»

«አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ።»

«ትቀልጃለሽ?»

«ቁጥሮች ናቸው፣ ጓድ። እግዜርን፣ ቁጥሮች ናቸው።»

እግዜርን በዚያ ቢሮ መጥራት እንደማያዋጣ ያወቅሁት ካልኩት በኋላ ነው። ጠመኔ ወረወረልኝና በሩ ላይ እንድጽፍ አዘዘኝ። ጠመኔው ተሰበረብኝ፤ በስባሪው ጽፌ ሁለተኛውን ቁጥር አስወገድኩ። ከጠባቂዎቹ አንዱ የማታ ተማሪ ኖሮ «ይኼንንማ እኛም ጀምረነዋል» አለ። ሹሙ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ታዲያ ለምን በእንግሊዝኛ አልጻፋችሁትም? በእንግሊዝኛ ቢሆን ማን ያነብባችሁ ነበር!»

ከድርን የዚያኑ ቀን ከሰዓት ለቀቁት። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ አንድ እግሩን ይጎትታል። እሱንም ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁት ከርመዋል፤ ቁጥር እንጂ የሰው ስም አልሰጣቸውም። ክበባችን በዚያው ቀረ።

እማማ ዘሀራ ከዚያ በኋላ በየኢዱ እያስጠሩኝ መጀመሪያ የሚያጎርሱት እኔን ነበር። «ልጄን ያስፈታችልኝ ይቺ ናት» ይላሉ ለእንግዳው ሁሉ። እኔም ጉርሻውን ተቀብዬ እስቃለሁ። በር ላይ እንደዋሸኋቸው ሳልነግራቸው አረፉ።

ቅዳሜ ልጅቷ ከሄደች በኋላ ለከድር ደወልኩ። አሁንም ያው የአባቱ ሱቅ ውስጥ ነው። ለእናቱ የመለስኩላቸውን ቃል ከስንት ዘመን በኋላ ነገርኩት።

«እሱን ነው እንዴ የደበቅሽኝ?» አለኝ። «እናቴኮ ያኔውኑ አውቃለች። ካንቺ ቤት ቀጥታ ምግብ ይዛልኝ መጣችና በጆሮዬ ‹ልጅቷ ናት፣ በጣም ፈርታለች፣ ስሟን እንዳታወጣ› አለችኝ። እኔማ በቃኝ ብዬ ያን ቀን ልናገር ነበር።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። እኔም ወልጃለሁ። በእሳቸው ቦታ ብሆን ልጄን «ስሟን ንገራቸውና ውጣ» ብዬ እለምነው እንደነበር አውቃለሁ፤ ያን ቀን ከገባሁበት ቢሮ ይልቅ አሁን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።