አንድ ቃልና ትልቁ ፓምፕ

የጎረቤቴ ሱቅ በር ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ዋጋም ስምም የለውም። ቧንቧ፣ መጋጠሚያ፣ የበር ቁልፍና የውሃ ፓምፕ ይሸጣል፤ የሁሉንም ዋጋ የሚይዘው በጭንቅላቱ ነው። ሲጠይቁት አንድ ጊዜ ይናገራል። ቢደግሙት ያንኑ ይደግማል፤ ሦስተኛ ቢጠይቁት ዝም ይላል። ሰፈሩ «አንድ ቃል» የሚል ስም ያወጣለት ለዚህ ነው። ፊት ለፊቱ ግን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንለው።

እኔ ከጎኑ ባልዲና ሳፋ እሸጣለሁ። ከደንበኛ ጋር መከራከር እወዳለሁ። ዋጋውን ሰቅዬ እጀምራለሁ፣ ደንበኛው ያወርደኛል፣ እኔ አይሆንም እላለሁ፣ እሱ ይወጣል፣ እጠራዋለሁ፣ ይመለሳል። በዚህ መሃል እንተዋወቃለን፣ የልጆቻችንን ጤና እንጠያየቃለን፣ በመጨረሻም ሁለታችንም ያተረፍን መስሎን እንለያያለን። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ከንቱ ልፍለፋ ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ጣሪያውን ነፋስ የገነጠለበት ሰው ሚስማር ሊገዛ መጥቶ ጥቂት ሳንቲም ጎደለው። «ይተዉልኝ» ቢለው ሚስማሩን መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። ሰውየው ጎዶሎውን ከእኔ ተበድሮ ገዛ። ስለዚህ ሰዎች ስለ አንድ ቃል ደግነት ሲያወሩ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ደግ አይደለም። ሰው አያታልልም፣ በቃ።

ሱቁ የእሱ ብቻ አይደለም፤ እኩሌታው የሚስቱ ነው። ዕቃ የምታራግፈው፣ የምትደረድረው፣ አቧራ የምትጠርገው እሷ ናት። የሚኖሩት ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው፤ ማድ ቤት የላቸውም። ምድጃዋን መተላለፊያው ላይ አስቀምጣ ታበስላለች፤ ሲዘንብ በአንድ እጇ ጃንጥላ ይዛ በሌላው ታማስላለች። ሲያገባት ለአባቷ «ከሚመጣው ክረምት በፊት ማድ ቤት እሠራላታለሁ» ብሎ ነበር። ልጆች ተወልደው፣ አድገው፣ ከቤት ወጥተው ሄዱ፤ ማድ ቤቱ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ዘንድሮ በስንት መከራ ገንዘቡ ሞላ። ግንበኛው መጥቶ ጓሮው ላይ ሲባጎ ወጠረ፣ መሠረቱን ቆፈረ፤ ብሎኬቱ በሳምንቱ ሊገዛ ነበር። እሷ ቁፋሮውን ወስዳ አሳይታኛለች። «መስኮቱ እዚህ ጋ ነው የሚሆነው» አለችኝ፣ ባዶ አየር ላይ በእጇ አራት ማዕዘን እየሠራች።

ስህተቱ የመጣው ከአንድ ቃል ልማድ ነው። ዋጋ ሲጠየቅ ቀና አይልም። የትኛው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ ስለሚያውቅ፣ ደንበኛው የቆመበትን በድምፁ ለይቶ ዋጋውን ይጠራል። ከበሩ በስተግራ ያለው ቦታ ከድሮም የትንሹ ፓምፕ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ትንሹ ተሸጦ ስላለቀ ባለቤቱ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ትልቁን እዚያ አስቀመጠችው። ዓይን አለው፣ ያያል ብላ አልነገረችውም።

ልብስ አጣቢዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የልብስ ማጠቢያ ቤት አላት፤ አሮጌው ፓምፗ ውሃውን እየገፋ እዚያ ማድረስ አቅቶት ደንበኞቿ መሸሽ ጀምረው ነበር። በስተግራ የተቀመጠውን ፓምፕ አይታ ባለቤቱን «ይሄ ሦስተኛ ፎቅ ያደርሳል?» አለቻት። «ያደርሳል» አለቻትና ወደ ውስጥ ገባች። ሴትየዋ ወደ አንድ ቃል ዞራ «ጋሼ፣ ይሄስ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችው። እሱ የቁልፍ ጥርስ እየሞረደ ነበር። ቀና ሳይል የትንሹን ዋጋ ነገራት፤ የትልቁን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ትንሽ ቆም አለች፤ ሳይረክስባት አልቀረም። ከዚያ «ነገ ገንዘቡን ይዤ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። አንድ ቃል ቀብድ እንደማይቀበል ሁሉም ያውቃል። ለእሱ ቀብድ ማለት ቃሉን አለማመን ነው።

በእነሱና በእኔ ሱቅ መሃል ያለው ግድግዳ አንድ ረድፍ ቆርቆሮ ነው። ጆሮዬን ጥዬ አይደለም፤ ወሬው ራሱ እየተሻገረ ይመጣል። ሱቅ ሊዘጉ ሲሉ ባለቤቱ «ልብስ አጣቢዋ ትልቁን ወሰነች?» ስትል ሰማሁ።

«ነገ ትወስዳለች» አላት።

«ስንት አልካት?»

ነገራት።

«እሱ እኮ የትንሹ ዋጋ ነው።»

«ትልቁ እዚያ መቀመጡን አሁን ዞር ስል አየሁ።»

«እና?»

«እናማ ብያለሁ።»

«ተሳስተህ ነዋ ያልከው። ስትመጣ ተሳስቼ ነው በላት። ሰው ናት፣ ይገባታል።»

«ስንቱን ሰው ነው ጎደለህ ብዬ የመለስኩት? እነሱም ሰዎች ነበሩ። በእኔ ላይ ሲደርስ ቃሌን እንደ ኮት ላወልቀው ነው?»

«ቃሉ ያንተ ነው» አለችው። «ገንዘቡ ግን የሁለታችን ነው። የሚሄደው ብሎኬቱ ነው እኮ።»

የበሩ መቀርቀሪያ ሲወረወር ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት ነገሩን መንገዱ ሁሉ ሰምቶት ነበር፤ ከማን እንደሰማ አልጠየቅሁም። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ «ስህተት ዋጋ አይደለም» አለ። «ጋሼ ነገ ተሳስተው ሱቁን በአንድ ባልዲ ሸጥኩልህ ቢሉኝ ልረከብ ነው?» ልብስ ሰፊው ደግሞ ቀና ብሎ ያላየ ሰው ዕዳው የራሱ ነው ባይ ነበር። የእኔን ሐሳብ ይዤ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ልዩነቱን ተካፈሉት። ግማሹን እሷ ትጨምር፣ ግማሹን እርስዎ ይቻሉት» አልኩት።

«አንተ ሁሉም ነገር መሃል ላይ የሚያልቅ ይመስልሃል» አለኝ።

አሁንም ቢሆን አልተሳሳትኩም እላለሁ። ዋጋ ዋጋ የሚሆነው ሁለት ሰዎች አንድ ዕቃ እያዩ ሲስማሙ ነው። እሷ ትልቁን ታያለች፣ እሱ በልቡ ትንሹን ያያል፤ ታዲያ ምኑ ላይ ተስማሙ? ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ልብስ አጣቢዋ ተሸካሚ አስከትላ ገባች።

ባለቤቱ ቀደመች። «እህቴ፣ ትናንት የነገረሽ የዚህን ዋጋ አይደለም። የትንሹን ነው። ተሳስቶ ነው።»

ልብስ አጣቢዋ ገንዘቡን እንደጨበጠች ቆመች። «አሮጌውን ፓምፔን ትናንትና ሸጥኩት» አለች። «እሱን ሸጬ ነው ይሄን የሞላሁት። ሌላ ባለሱቅ ቢሆን አዲሱን ሳልረከብ አልሸጥም ነበር። እሳቸው ካሉ አለቀ ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ አንድ ቃል ዞረች። «ጋሼ፣ አይሆንም ካሉኝ አልከራከርም። ብቻ እርስዎ ራስዎ ይንገሩኝ።»

ይህን አላሰብኩም ነበር። ልዩነቱን ተካፈሉት ያልኩት ሴትየዋ የምታካፍለው ነገር ያላት መስሎኝ ነው። አሁን አዲሱም የላት፣ አሮጌውም የላት።

አንድ ቃል ሞረዱን አስቀመጠ። ፓምፑን ለተሸካሚው እንኳ ሳይተው ራሱ አቅፎ እስከ በሩ አወጣው። «ያልኩት ያልኩት ነው» አላት። ባለቤቱ ሽርጧን ፈታች፣ አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና በጓሮ በኩል ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በጣም አናደደኝ። ልብስ አጣቢዋ ለሰማትም ላልሰማትም ታወራለች። ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር ሰው እየመጣ፣ ሌላ ቦታ የሚያገኘውን መጋጠሚያ ከእሱ ይገዛ ጀመር። «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?» ይሉኛል ለእኔ ለራሴ፣ ባልዲዬን አንድም ሰው ሳያይልኝ። ባለቤቱን ግን ማንም አላነሳም። ምስጋናው ለእሱ ሲጎርፍ ዝናቡ ለእሷ ነበር የሚጎርፈው፤ የተቆፈረው መሠረት ውሃ ሞላ። ሳላስበው አንድ ጠዋት ጓሮ ብቅ ብዬ ከቁፋሮው ውስጥ ውሃውን በጣሳ እየጨለፈች ስትደፋ አየኋት።

ወደ ሱቁ ሳትመጣ ሰነበተች። ስትመለስ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። አቧራ መጥረግ ጀመረች። እሱ ቁልፍ ይሞርዳል፤ ድምፁ በቆርቆሮው በኩል ይሰማኛል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለችው። «ልብስ አጣቢዋ ስንት ቀን ጠበቀች?»

«ምኑን?»

«ያልካትን ለማግኘት።»

«በማግስቱ ወሰደች አይደል?»

«ለአባቴ የተናገርከውስ? እሱ ቃል አልነበረም? ወይስ አባቴ ደንበኛ ስላልሆነ ነው?»

የሞረዱ ድምፅ ቆመ። የእሷ መጥረጊያ ግን አላቆመም።

ያ ሰው የሚሳሳለት ነገር ቢኖር ሞተር ሳይክሉ ነው። አሮጌ ነው፣ ግን በእረፍት ቀኑ ከጎማው ሽቦዎች እስከ መስታወቱ ሲወለውለው ይውላል፤ ለልጁ እንኳ አያውሰውም ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ አውጥቶ መንገዱ ዳር አቆመው። ጎሚስታውን ጠርቶ «ሽያጭ ነው» አለው። ጓሮው ውስጥ ግንበኛው መጥቶ ተቀምጧል። ዛሬ ብሎኬት ካልመጣ ወደ ሌላ ሥራ ሊሄድ ነው፤ ከሄደ ደግሞ ክረምቱ ካላለፈ አይመለስም።

ጎሚስታው ዋጋ ጠየቀ። አንድ ቃል አንድ ጊዜ ነገረው። ጎሚስታው ሞተሩን ዞረው፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህስ አልገዛም፤ ይቀንሱ» አለ። እኔም ልብስ ሰፊውም ከየበራችን ወጣን። አንድ ቃል ሞተሩን እየገፋ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል ብለን ጠበቅን። ዓይኑ አንዴ ወደ ጓሮው ሄዶ ተመለሰ።

«ስንት ልቀንስልህ?» አለ።

መቀነስ እንዴት እንደሚጀመር አያውቅም። ጎሚስታው ገና ሳይመልስለት ራሱ ቁጥር ጠራ፤ ዋጋው በአንድ ጊዜ ወደ ታች ወረደ። ጎሚስታው አንዴ ሲቀምስ ደፈረና «ከዚህም ይቀንሱ» አለው። አንድ ቃል ላብ አጠመቀው። አንጀቴን በላኝ። ይሄ የእኔ ሥራ ነው፣ እኔ ብሆን ግማሹን እንኳ አላስነካውም ብዬ ልከራከርለት ወደ እነሱ መራመድ ስጀምር ባለቤቱ ከሱቁ በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተወው» አለችኝ ቀስ ብላ። «እሱ ራሱ ይጨርሰው።»